ዳማዋ ያለ ጫማ የወጣችበት ጠዋት

ፈረስም ጫማ ያደርጋል እንዴ ብሎ የሚስቅብኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። ያደርጋል። ለዚያውም በልኩ፣ ከብረት ተቀጥቅጦ፣ ኮቴው ላይ በሚስማር ተመትቶለት። ቢሳሳቱበት ደግሞ እንደ እናንተ ጠበበኝ ብሎ ሱቅ አይመልስም፤ ያነክሳል። ይህን ሥራ አባቴ ይሠራ ነበር። ባሌም ከአባቴ ነው የተማረው፤ እኔን ያየኝም እዚያው መዶሻና ጉጠት ሲያቀብል ነው። እንግዲህ ስለ እሱ ስናገር ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ሰውየውን ከነመዶሻው ነው የማውቀው።

ሰፈሩ "ባለጆሮው" ይለዋል። መዶሻ የሚመታማ ሞልቷል፤ እሱን ሰው የሚፈልገው ለጆሮው ነው። ፈረስ የሚገዛ ሁሉ ገንዘቡን ሳያወጣ መጀመሪያ እሱን ይጠራል። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ፈረሱን ከኋላው በድንጋይ ላይ ሶምሶማ ያስሮጡታል። ለምን ትዞራለህ ሲሉት "ዓይን ቁመና ሲያይ ይሸነፋል" ይላል። ከዚያ ሳይዞር "የኋላ ቀኙን ያመዋል" ወይም "ደህና ነው፣ ውሰደው" ይላል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ቤታችን የቆመው በእሱ ጆሮ ነው። ልጆቻችንን ያስተማርነውም፣ ጣሪያውን የቀየርነውም በዚያው ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እኔን መስማት ተወ። እጣራለሁ፣ አይመልስም። ስልክ ይጮኻል፣ "አንቺ አናግሪ" ይለኛል። እኔም ባል ድሮስ መቼ ሰምቶ ያውቃል እያልኩ እነጫነጫለሁ። ሰፈሩ በበኩሉ ሰላምታ ነሳን፣ ስም ሲያወጣ ኮራብን ይል ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው እኛ ቤት አልደረሰም።

አንድ ቀን ጠዋት የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ደወለ። ጥቁር ፈረስ ሊገዛ ነው፤ ሻጩ ቸኩሏል፣ ጋሼ አሁኑኑ መጥተው ይስሙልኝ አለ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ለባሌ ነገርኩት። ጃኬቱን አጠለቀ፣ ዳማዋን ኮርቻ ጫናትና ወጣ። ዳማዋ የራሳችን ባዝራ ናት፤ የት ይሄዳል ቢባል በእሷ ነው።

እኔ ኩሽና ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ደጃችን ያለው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ ዳማዋ ስትወጣ የብረቱ ኳኳታ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ሄደ የምለው በዚያ ነው። ያን ቀን ዝም። ይህ ሰው እስካሁን ምን ይጎለታል ብዬ በመስኮት ባይ፣ ለካ መንገዱን አጋምሶታል። ዳማዋ ትራመዳለች፣ ብረት የለም። የሚሰማው ዱብ ዱብ ብቻ ነው፣ በካልሲ የሚሄድ ሰው ይመስል። ወደ ግቢው ዞር ስል አራቱም ጫማዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ዋዜማውን ኮቴዋ አድጓል ብሎ ነቅሏቸው፣ ኮቴውን ሞርዶ፣ ጠዋት መልሼ እመታቸዋለሁ እንዳለ ነው ያደሩት።

ክው አልኩ። መርሳቱ አይደለም ያስደነገጠኝ። ሰው ይረሳል፤ እኔም መነጽሬን አናቴ ላይ አድርጌ ቤት ሳምስ እገኛለሁ። ግን ይህ እኮ የሰው ፈረስ አንዲት ሚስማር ስትላላበት ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። የራሱ ፈረስ አራት ብረት ጎድሏት፣ ይህን ሁሉ ድንጋይ ስትረግጥ እንዴት አልሰማም?

እጄን ሳላደርቅ ሮጬ ወጣሁ። "ቁም አንተ ሰውዬ" ብዬ ጮህኩ። ዳቦ ሻጩ ዞረ። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ዞሩ። ዳማዋ ሳትቀር ጆሮዎቿን ወደ እኔ መለሰች። ባሌ አልዞረም። ደግሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ዳማዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እሱ ምን ነካት ብሎ በተረከዙ ጎሰም አደረጋት። ያኔ ከእጄ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ መሀል መንገድ ላይ ነገሩ ገባኝ።

እንደምንም ደርሼ ልጓሙን ያዝኩ። ሲያየኝ ደነገጠ። ጣቴን ወደ ኮቴዋ ቀሰርኩ። ጎንበስ ብሎ አየ። ወረደና አንዱን እግር አንስቶ ባዶውን ኮቴ በመዳፉ ዳሰሰው። ጠርዙ መሸራረፍ ጀምሯል።

"ዛሬ ሰነፈች እያልኩ ነበር" አለና መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት፣ አፌን እንዲያየው ፊቱ ቁጢጥ ብዬ።

"ግራ ጆሮዬ ቀደም ብሎ ሄደ። ቀኙ ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው።"

"ለእኔ እንኳን አትነግረኝም?"

"ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ።"

ይህን ተረት የተረተው ሰው አጠገቤ ቢኖር የማደርገውን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ።

"ከክረምት ወዲህ የሰማሃቸው ፈረሶችስ?"

"እግራቸውን እዳስሳለሁ። ትኩሳት ካለው እጄ ይነግረኛል።"

"ግራጫውስ?"

መሬት መሬት ያይ ጀመር። ግራጫውን ፈረስ ለዚሁ ግልቢያ ትምህርት ቤት ደህና ነው ብሎ ያስገዛው እሱ ነው። ፈረሱ ብዙም ሳይቆይ የግልቢያ አስተማሪዋን ይዟት ወደቀ፤ ልጅቷ ትከሻዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ድረስ ሄደን ጠይቀናታል። እኔ፣ ፈረስ ነው፣ መደናቀፍ ያለ ነው ብዬ አጽናናኋት። እሱ አልጋዋ ራስጌ ቆሞ "እግዜር ይማርሽ" አላት፤ ብርቱካን ላጠላት።

"ግራጫውን አልሰማሁትም" አለ።

ሰውየውን አየሁት። አብሬው ያረጀሁት ሰው ነው፣ ግን እንደ እንግዳ ነው ያየሁት። እሱ ግን ክንዴን ያዘ።

"አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ፣ ትሰሚያለሽ። ከኋላዬ ቁሚልኝ። ደህና ከሆነ አንዴ፣ ካነከሰ ሁለቴ ጀርባዬን ንኪኝ። ማንም አያውቅም። ይህ ከታወቀ እኮ አለቀልን።"

እሺም እምቢም አላልኩም። ስለ ቤቴ አሰብኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ጭንቅላቴ ባዶ ነበር። ዳማዋን በሣሩ ጠርዝ እየሳብን ሄድን።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ጥቁሩ ፈረስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አስተማሪዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሯል። ባሌን ስታይ ፊቷ በራ።

"ጋሼ እንኳን መጡ። እኔ እርስዎ ያልሰሙት ፈረስ ላይ አልወጣም ብያቸዋለሁ" አለችው።

ባሌ ራሱን ነቀነቀና ግድግዳው ፊት ሄዶ ቆመ። እኔ ከኋላው ቆምኩ። ፈረሱን አስሮጡት። ሰማሁት፤ የፊት ግራውን ሲያሳርፍ ድምፁ ይሳሳል። ጀርባውን ሁለቴ ነካሁት። ምንም አላለም። አልተሰማው ይሆን ብዬ እንደገና ነካሁት፣ አሁንስ በክርኔ ነው። ከግድግዳው ዞረ።

"ፈረሱ ያነክሳል" አለ። "የሰማችው ግን ሚስቴ ናት። እኔ መስማት ካቆምኩ ቆየሁ። ግራጫውንም አልሰማሁትም ነበር።"

የድምፁን ልክ ስለማያውቀው ጮኾ ነው የተናገረው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ የሚያግዘው ሲያጣ ተወው። አስተማሪዋ አቀረቀረች። ከዚያ ቀና ሳትል ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። ባሌ አፏን ማየት አልቻለም፤ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አለች?"

እንዳልሰማሁ ልሆን ፈለግሁ። ለአንድ ቀን እኔም ባልሰማ ማን ይፈርድብኛል? ግን እሷ አሁን ቀና ብላ እኔን እኔን ታየኛለች። ወደ ጆሮው ተጠጋሁና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮህኩበት።

"አልጋዬ ራስጌ ቆመህ ስትጠይቀኝም ታውቅ ነበር ወይ ነው የምትልህ።"

"አዎ" አለ።