እንዲሁ በእግር መሄድ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት አስተማሪ ነበርኩ። እሁድ ጠዋት ከከተማ ወጥቼ፣ ቁጥቋጦውን አቋርጬ ወደ ተራሮቹ ግርጌ እንዲሁ ለደስታዬ በእግሬ እሄዳለሁ።

አንድ እሁድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ ሲከተለኝ አየሁ። ስቆም ይቆማል፤ ስፈጥን ይፈጥናል። ያኔ እንደወጣ የቀረ ሰው ብዙ ነበርና ማምለጡን ትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ላቡ ይንጠባጠባል።

«መምህር፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

«የትም። ለመናፈስ ነው» አልኩት።

«እኔማ አውቃለሁ፤ ስከተልዎት ሦስት እሁዴ ነው። ‹ማንንም ሳያገኝ ይመለሳል› ብዬ ሪፖርት ባደርግ፣ የሚያገኛቸውን ፀረ አብዮተኞች ደብቀሃል ተብዬ ልታሰር ነው። እባክዎ መምህር፣ በሚመጣው እሁድ ከአንድ ሰው ጋር ይገናኙልኝ።»