ሙሽራው ሹፌርና የዓይን ሐኪሟ

ባሌን ሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ሙሽራው» ነው የሚሉት። የሆስፒታሉን መኪና ሲነዳ ሙሽራ የጫነ ይመስል ስለሚያዘግም ነው። ቀልዱን ያመጣው የበሩ ዘበኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከተማሪ ሐኪሞቹ እስከ ዳይሬክተሩ ተቀባበሉት። ባሌም አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። እዚያው ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ አንሶላ እያጠብኩ ያንን ስም ስሰማ ፊቴን ወደ ገንዳው አዞራለሁ። ለምን እንደሚያዘግም የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነንና።

ባሌ ከጎን የሚመጣ ነገር አያይም። ፊት ለፊቱ የወደቀ መርፌ ያነሳል፤ ግራና ቀኙ ግን ጠፍቶበታል። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት እየጨመረ ዕይታን ከዳር ወደ መሀል የሚበላ በሽታ። ይህን የነገሩን ድሮ የነበሩት የዓይን ሐኪም ናቸው፤ ጠብታም ጀምረውለት ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጡና ክፍሉ ያለ ሐኪም ቀረ። ያለችው አንዲት የዓይን ነርስ ናት፤ ቅባት ትሰጣለች፣ ታጽናናለች፣ ሌላ ምን ታድርግ። ሌላ ከተማ ሄዶ ለመታከም ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያቱን ከተናገረ መሪ ይዞ አያድርም። በእኔ ደሞዝ ደግሞ ልጆች ማስተማር ቀርቶ የቤት ኪራይም አይከፈልም። ስለዚህ ዝም አልን። ጠዋት እሱ ከወጣ ጀምሮ ልቤ እንደተሰቀለ ይውላል። ስልክ በጮኸ ቁጥር «ባልሽ ሰው ገጨ» የሚሉኝ ይመስለኛል።

ዳይሬክተሩም በበኩሉ የዓይን ሐኪም ፍለጋ ያላንኳኳው በር አልነበረም። ማስታወቂያ አወጣ፣ ቤት እንሰጣለን አለ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለመነ። አንዳንዶቹ እናስብበት ይሉና ስልካቸውን ያጠፋሉ። ሐኪም ካልተገኘ የዓይን ትምህርቱ ይዘጋል፣ ተማሪዎቹም ወደ ሌላ ሌላ ሆስፒታል ይበተናሉ ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም፣ በሥራዋ የተመሰገነች፣ መጥቼ ልየው አለች። ባሌ ይህን ሊነግረኝ ምሳውን ትቶ ማጠቢያ ክፍል መጣ። ግቢው ውስጥ ሐኪም ካለች በምሳ ሰዓት ብቅ ብሎ፣ ማንም ሳያውቅ ሕክምናውን ይቀጥላል። ተስፋችን በሙሉ ያ ነበር።

ዳይሬክተሩ ሆስፒታሉን እንደ ሠርግ ቤት አሳመረው። ግድግዳው ተቀባ፤ በእርዳታ መጥቶ ላስቲኩ እንኳን ያልተቀደደው የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ተገለጠ፤ እኔም አዲስ አንሶላ እንዳነጥፍ ታዘዝኩ። በዚህ ቢበቃው ምን ነበረበት። የዓይን ክፍሉን ደጃፍ ከንጋት ጀምሮ የሚሞሉት በሽተኞች ግን ገጽታችንን ያበላሹታል አለና፣ እንግዳዋ እስክትሄድ እንዳይገቡ ዘበኛውን አዘዘው። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን ጓዳ የሚደብቅ ሰው አይቻለሁ፤ በሽተኛውን ከሐኪም የሚደብቅ ሆስፒታል ግን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ባሌ ሐኪሟን ከአውሮፕላን ማረፊያ አመጣት። ክፍሉን ስትጎበኝ አንሶላ ታቅፌ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ባዶውን አግዳሚ አየች፣ ባዶዎቹን አልጋዎች አየች፣ ከዚያ በሽተኞቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ደረቱን ነፍቶ እኛ ጋ መጨናነቅ የሚባል ነገር የለም አላት። ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። ሐኪሟ በትሕትና፣ የተማሪ እጅ የሚፍታታው በሽተኛ ሲበዛ እንጂ ግድግዳ ሲቀባ እንዳልሆነ ነገረችው። ሌላ ሆስፒታልም ጠርቶኛል፣ አስቤበት እደውላለሁ አለች። እደውላለሁ ካሉት ሁሉ የደወለ እንደሌለ ዳይሬክተሩ ያውቃል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አሁን እንኳን እውነቱን ይናገር ብዬ ጠበቅኩ። ሀፍረት ያዘውና እስከ ክፍሉ በር ሸኛት። ነርሷም አለቃዋን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ከበዳት።

ባሌ ሐኪሟን ሊመልሳት ሲል ማጠቢያ ክፍል መጣ። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ከጎኑ ብቆም አያየኝም።

«ልትሄድ ነው» አለኝ።

«የዓይንህን ነገር ንገራታ።»

«ብነግራት መኪናውን ይቀሙኛል።»

«ባትነግራትስ?»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወጣ። እኔ፣ ምላሷ ረጅም ነው እያሉ የሚያሙኝ ሴትዮ፣ እርጥብ ልብስ እንደያዝኩ ተገትሬ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ከግቢው ሲወጣ ወደ ሰፊው አስፋልት መታጠፍ ሲገባው፣ በሆስፒታሉ ጓሮ ባለው ጠባብ መንገድ ገባ። ብልጠቱ ነው፤ ራሱን ሳያጋልጥ በሽተኞቹን ሊያሳያት። ከሩቅ የመጣ ሰው አትገባም ቢባል የት ይሄዳል? አጥሩን ተደግፈው ተኮልኩለዋል። ዓይናቸውን በጨርቅ የሸፈኑ አሉ፣ በዘመድ እጅ የሚመሩ አሉ፣ ፀሐይዋን መቋቋም አቅቷቸው ያቀረቀሩ አሉ። ሐኪሟ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እነዚህ እነማን ናቸው አለች። «የእርስዎ በሽተኞች ናቸው» አላት። በሐሳቡ ሐኪሟ ቀርታለታለች፣ ዓይኑም ድኗል፣ ሥራውም በእጁ ነው።

ያኔ አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ጥግ ተነስተው በምርኩዝ መንገዱ ውስጥ ገቡ። ባሌ አላያቸውም። ሐኪሟ ጮኻ መሪውን ጎተተች፤ እሱም ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው አጥሩን ፍቆ ቆመ። አሮጊቷን ሰዎች ስበው አወጧቸው፤ የወደቀው ምርኩዛቸው ብቻ ነው። ሐኪሟ ወርዳ ደህንነታቸውን አየችና ተመልሳ ገባች። እጇን ከባሌ ጆሮ አጠገብ አነሳች።

«ጋሼ፣ ፊት ለፊት እያዩ ይንገሩኝ። ጣቴን ያዩታል?»

«የቱን ጣት?»

እጇን ቀስ እያለች ወደ ፊት አመጣችው። አየሁት ያላት አፍንጫው ጋ ሊደርስ ሲል ነው።

«ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች።»

ይህን ሲነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አለችው።

እኔ ውጭ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መኪናው በበሩ ሲገባ አየሁት፤ መሪውን የያዘችው ሐኪሟ ናት፣ ባሌ ከጎኗ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዘበኛው ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። የታጠበው አንሶላ ከእጄ አምልጦ አፈር ላይ ወደቀ።

አውሮፕላኑ ጥሏት ሄደ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ እዚህ ለመሥራት እመጣለሁ አለች፤ ግን በሽተኞቹ ዛሬውኑ ይግቡ፣ ይህም ሰው ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጥ። ዳይሬክተሩ ለሁሉም እሺ አለ። ለባሌ ሌላ ሥራ ይፈለግለታል ተባለ። ይፈለጋል ማለት ይገኛል ማለት አይደለም፤ ይኸው እስካሁን እየተፈለገ ነው። ስትመረምረው የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደምትሞክር ነገረችን። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ…» ብላ ጀምራ ተወችው። ሐኪሟን ልመርቃት እነሳለሁ፤ ቃሉ አፌ ላይ ሲደርስ እርግማን ይሆንብኛል። ከዚያ በራሴ አፍራለሁ። የሰው ሁሉ ዓይን ሲበራ የእኛ ቤት ጨለመ፤ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

በቀጠሮው ቀን አብሬው ሄድኩ። አግዳሚው ጢም ብሏል። እኔ እንዲያየኝ ብዬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አጠገቡ የተቀመጡት እነዚያ አሮጊት ነበሩ፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ምርኩዛቸውን አይቶ አወቃቸው። ወረፋው ሲረዝምባቸው ጨዋታ ጀመሩ።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ሹፌር ነበርኩ።»

«ነበርኩ» ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አሮጊቷ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ሹፌር አልወድም» አሉ። «በቀደም አንዱ፣ ዓይኑ ይጥፋና፣ እዚህ ጓሮ ሊጨፈልቀኝ ነበር።»

ዝም በል ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ፊት ለፊቱ ስለሆንኩ አይቶኛል።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አላቸው። «አላየሁዎትም።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ዳበሱ፣ ከዚያ ፊቱን።

«እኔስ መች አየሁህ» አሉ።

ነርሷ ቀጣይ ብላ ተጣራች፤ ተራው የአሮጊቷ ነበር። ባሌ ተነስቶ ክንዳቸውን ያዘ። በሩን እሱ ያየዋል፤ ከጎኑ ያለውን አግዳሚ ግን ስለማያይ በዚያ በኩል እኔ ሄድኩ።