ለበረዶ የመረጥኩት ቦርሳ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ስፕሪንግ ቫሊ

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ላስ ቬጋስ ከገባሁ ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነኝም፣ ፀሐይ ሳትወጣ ስድስት ሰዓት ሆነ ማለት እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ከአፓርታማዬ ስወጣ ሰማዩ አመድ መስሏል። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፤ በረሃ ነው ብሎ በክረምት በቲሸርት የመጣ እንግዳ የሚያዝንበት ሰዓት ነው። የእህቴ ልጅ ብሩክ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀኛል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዲቪ ደርሶት ከደሴ ከመጣ አምስት ዓመት ሆነው። ስትሪፕ ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ይሠራል። እኔ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ ካዚኖ በር ቆሜ የእንግዳ መኪና ተቀብዬ አቆማለሁ።

ይህን ልጅ ቁማርም መጠጥም አልያዘውም። የያዘው በረዶ ነው። የሥራ ጓደኞቹ አንድ ክረምት ተራራ ወሰዱትና ስኖውቦርድ፣ በሳንቃ ላይ ቆሞ በረዶ መንሸራተት፣ አስተማሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። መጀመሪያ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣ የማንሻ ወንበር ባለበት፣ ጠባቂ በቆመበት ቦታ ነበር የሚንሸራተተው። አሁን ማንሻም ጠባቂም ወደሌለበት፣ በራስ እግር ተወጥቶ በቦርድ ወደሚወረድበት ገደል ካልሄድኩ ይላል።

እናቱ አስካለ ታናሽ እህቴ ናት። ደሴ ሆና ፎቶውን በስልክ አየችና ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ያለኝ አንድ ልጅ ነው። አደራ፣ ዓይንህ ከሱ ላይ አይነሳ" አለችኝ።

አደራ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? በሃምሳ ሦስት ዓመቴ በረዶ ላይ የማያሰምጥ ሰፊ ጫማ ገዝቼ ተከተልኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ሁለታችንም የበረዶ ናዳ ሥልጠና ወስደናል፤ የቀረን ቦርሳ ብቻ ነበር። ዛሬ የተነሳነው ለእሱ ነው።

ሐሙስ፣ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቦልደር ሲቲ

ቁማር የተከለከለባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ስመጣ ጆሮዬ ሥራ የፈታ ይመስለኛል። ከመንገድ ዳር ቤት እንቁላልና የተጠበሰ ድንች በላን፤ ቡናው ውሃ ውሃ ይላል።

የምንፈልገው ሰው ጡረታ የወጣ የተራራ አዳኝ ነው። ከሰባ አልፏል፣ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ብርድ በልቶታል። ያገለገሉ ዕቃዎች ይሸጣል፤ ጋራዡ ውስጥ ቦርሳዎቹ እንደ ሥጋ ቤት ሥጋ ተሰቅለዋል።

"ምን ልትይዙበት ነው?" አለ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ። መልሳችንን ሳይጠብቅ በሜትር ጀርባችንን ለካ፤ ከአንገት አጥንት እስከ ዳሌ። ከዚያ አንድ ቦርሳ አውርዶ ዘረገፈው። አካፋና በበረዶ የተቀበረ ሰው የሚፈለግበት ረጅሙ መውጊያ ዘንግ ለብቻቸው የሚገቡበት ኪስ ሊኖረው ይገባል፣ ይህ ኪስ በጓንት እጅ በአንድ ጊዜ መከፈት አለበት። ቦርዱን ከጀርባ የሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ያስፈልጋል። የወገቡ ቀበቶ የዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። ለአንድ ቀን ጉዞ ሠላሳ ሊትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቦርሳ ባለቤቱን ዕቃ ያስጨምረዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ለብሩክ ቀይ ቦርሳ አነሳለትና ሁለት ትናንሽ ጀሪካን ውሃ ከትቶበት ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት አስወጣው። ልጁ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። "ጋሼ፣ ፐርፌክት ነው! ጀርባዬ ላይ ያለ አይመስልም" አለኝ።

የኔ ዓይን ያረፈው ትልቁ ጥቁር ላይ ነው። ያገሬ ሰው ቦርሳ የሚመርጠው በሚይዘው ነው። አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚዛን እስኪጮህ ይጠቀጥቃል እንጂ ባዶ ቦታ ይዞ የሚጓዝ የለም።

"ላንተ ይረዝማል" አለ ሽማግሌው። "ጀርባህ አጭር ነው። ቀበቶው ከዳሌህ በታች ይወርድና ክብደቱ ሁሉ ትከሻህ ላይ ይወድቃል።"

"እለምደዋለሁ" አልኩት። ሰማንያ ዶላር ሰጥቼ ወሰድኩ።

መኪናው ድረስ ሸኘን። እጁን ቦርሳዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ "እዚያ ላይ ይሄ ከጀርባህ እንዳይለይ። አካፋህ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አካፋህ ደግሞ ላንተ አይደለም፣ ለሱ ነው" አለና ወደ ብሩክ በአገጩ ጠቆመ። "የሱም ላንተ ነው።"

ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ገብቶኝም ነበር።

አርብ፣ 10 ሰዓት፣ ቤት

ከሺፍት በፊት ቦርሳዬን ሞላሁ። አካፋውንና ዘንጉን በኪሳቸው አስገባሁ፤ እሱን አልረሳሁም። ቀሪው ቦታ ግን ባዶውን አፍጥጦ አየኝ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ፣ ብርድ ልብስ፣ ለልጁ ትርፍ ጃኬትና ካልሲ ጨመርኩ። ብሩክ በአንድ እጁ ሊያነሳው ሞክሮ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ቱ ማች ነው፣ በዛ። አንድ ቀን እኮ ነው የምንሄደው።"

"ስንቅ ጎደለብኝ እንጂ በዛብኝ ያለ መንገደኛ አላየሁም" አልኩት።

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ወደ ቻርለስተን ተራራ

የስትሪፕ መብራት ከኋላችን ገና አልጠፋም። ሌሊቱን የሠሩ አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው እንደኔ የሺፍት ማግስት ፊት ነው። ከከተማ እንደወጣን እሾሃማ ዛፎች የተበተኑበት ሜዳ፣ ከዚያ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ጥድ፣ ከዚያ በረዶ። ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ሁለት አገር ይታለፋል።

"ፎርካስቱን ቼክ አደረግሁ" አለ ብሩክ። "የናዳው አደጋ መካከለኛ ነው ይላል።"

"መካከለኛ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ከተጠነቀቅን ችግር የለም ማለት ነው ጋሼ።"

መኪናውን አቆምንና ደረታችን ላይ የታሰሩትን መፈለጊያዎች ፈተሽን። አንዱ በረዶ ውስጥ ቢቀበር፣ የሌላው መሣሪያ በድምፅና በቁጥር ወደሱ ይመራል። ሁለቱም ይሠራሉ። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ወፍ እንኳ አይጮህም። ቦታውን አልወደድኩትም፤ የልጁ ደስታ ግን ስላሳሳኝ ቦርሳዬን አነገትኩ።

ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት፣ ዳገቱ

ሽማግሌው ያለው ሁሉ ደረሰ። ቀበቶው ተንሸራቶ ወረደ፣ ማንገቻው ትከሻዬን እንደ ገመድ ቆረጠው። በየሃያ እርምጃው እቆማለሁ። ብሩክ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ በሦስተኛው ተመልሶ መጣ።

"ጋሼ፣ ያምጡት።"

"ተው። ሥልጠናው ላይ ቦርሳችሁ ከጀርባችሁ አይለይ አልተባለም?"

"እሱማ ለፈረንጆቹ ነው። እርስዎ እያቃሰቱ እኔ ዝም ብዬ ልይ? እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?"

በእኛ ዘንድ ታላቁ ሲሸከም እያየ እጁን አወዛውዞ የሚሄድ ወጣት አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ታላቁም ወዲያው አይሰጥም፤ እምቢ ይላል፣ ልጁ ይለምናል፣ ሦስተኛው ላይ ይላላል። እኔም ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ማንገቻው ከትከሻዬ ወረደ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ልጁ የራሱን ከኋላ፣ የኔን ከፊት ደረቱ ላይ አድርጎ መራመድ ጀመረ።

ያኔ ሁለት ባለ ስኪዎች፣ በረዶ የሚንሸራተቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አልፈውን ሄዱ። ሴትዮዋ ቆም ብላ፣ "ያንተ ቦርሳ የታል?" አለችኝ።

"እሱ ይዞልኛል፤ የእህቴ ልጅ ነው" አልኳት። ኮርቼ ነው የነገርኳት። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጓደኛዋ ስለጠራት ሄደች።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት ገደማ

ከፊታችን ጠባብ ሸለቆ አለ። አንድ በአንድ ነው የሚሻገሩት። "እኔ ልቅደም፣ ስደርስ እጄን አነሳለሁ" አለ ብሩክ። ደረቱ ላይ ያለው ቦርሳ የገዛ እግሩን ከልሎታል፤ በጎን እያዘነበለ ነበር የሚረግጠው።

መሃል ሲደርስ ከበረዶው ሥር ከባድ በር እንደመዝጋት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ከበላዩ ስንጥቅ ሮጠ። "ጋሼ!" አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ተራራው ሄደ፣ ልጁም አብሮ ሄደ። ሁሉም ሲቆም የሚሰማ ነገር አልነበረም።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መፈለጊያዬን አወጣሁ። ሠላሳ ስምንት ሜትር። ሃያ ሁለት። ዘጠኝ። አራት። አንድ ነጥብ አንድ። ቁጥሩ ከዚያ በታች አልወርድ አለ። ልጁ እዚህ፣ ከእግሬ ሥር ነው። አካፋውን ለማውጣት እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩ፤ እጄ የጃኬቴን ጨርቅ ነካ።

ሁለቱም አካፋ፣ ሁለቱም ዘንግ ከሱ ጋር ተቀብረዋል።

በእጄ ቆፈርኩ። ናዳ ከቆመ በኋላ በረዶው በረዶ አይደለም፣ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ሰፊውን ጫማ ከእግሬ ፈትቼ በእሱ ጫርኩ። "ብሩኬ፣ መጣሁ፣ መጣሁልህ" እላለሁ፤ የትም አልመጣሁም። አንድ ክንድ እንኳ አልቆፈርኩም። ጥፍሬ ሲነቀል አልተሰማኝም፤ የምሰማው የአስካለን ድምፅ ብቻ ነበር። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን የመከረኝ መከራ የወደቀው ግን ልጁ ላይ ነው።

ሁለቱ ባለ ስኪዎች ከማዶ ሆነው አይተው ኖሮ እየበረሩ ደረሱ። "አካፋህስ?" አለችኝ ሴትዮዋ፣ የራሷን ዘንግ እየገጣጠመች።

"ከሱ ጋ ነው።"

አልተቆጣችም፤ ጊዜ አልነበራትም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጋ ዘንጉ ነካው። እየተፈራረቁ ቆፈሩ። መጀመሪያ የወጣው የኔ ጥቁር ቦርሳ ነው። ከሱ ሥር ነበር ልጁ፤ ቦርሳው ደረቱን ተጭኖት፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይኑ ተገልጦ ሳያይ። ሰውየው ማንገቻውን በቢላ ቆርጦ ቦርሳውን ወረወረው፤ ሴትዮዋ ከአፉ በረዶ በጣቷ አወጣችና ትንፋሿን ሰጠችው። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ መተንፈስ ጀምሮ ነበር።

እሁድ፣ ሆስፒታል

የቀኝ ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ አራት የጎድን አጥንትና ትከሻው ላይም ጉዳት አለ። ሐኪሟ ጥሩ ሴት ናት፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ ይራመዳል፣ ስምንት ሰዓት ቆሞ ምግብ ማብሰል ግን እንጃ አለች። ቦርድ ላይ ስለመቆም አልጠየቅኋትም።

ማታ ላይ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው እጄን ነው፤ ጣቶቼ በፋሻ ተጠቅልለዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ተጎዱ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው ብሩኬ። ቦርሳውን መስጠት አልነበረብኝም።"

"እኔ ነኝ የተቀበልኩዎት።" ሲናገር ጎድኑን ያመዋል፤ በየቃሉ ያርፋል። "ለምኜ ነው የወሰድኩት። ይተዉት በቃ።"

ልተወው አልቻልኩም። ለእናቱ ራሴ እንደምነግራት ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ፣ 9 ሰዓት፣ መልስ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተራራው ድረስ አደረሰኝና የብሩክን መኪና አመጣሁ። ወንበሩ ለሱ ቁመት ተስቦ ስለነበር ነዳጁን በእግሬ ጫፍ ነው የረገጥኩት፤ ላስተካክለው አልፈለግሁም። በረዶው አለቀ፣ ጥዱ አለቀ፣ ሜዳው መጣ። መንገዱን በሙሉ ለአስካለ የምነግራትን እደረድር ነበር። ቦርሳውን ሳልሰማ መረጥኩ። ከበደኝ፣ ለልጅሽ ሰጠሁት። ሲቀበር ባዶ እጄን ቆሜ ነበር። ያወጡት ሌሎች ናቸው። ከዚህ በላይ አያስፈልግም፣ ከዚህ በታችም አይሆንም ብዬ ወሰንኩ።

ስፕሪንግ ቫሊ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ስልኬ ጠራ። አስካለ ናት። እያለቀሰች ነው የጀመረችው።

"ወንድሜ፣ ልጄ አሁን ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ።"

"አስኩ፣ እኔ ልንገርሽ..."

"ምን ትነግረኛለህ? ነገረኝ እኮ። ናዳው ቦርሳህን ከጀርባህ ነጥቆህ፣ በባዶ እጅህ፣ ጥፍርህ እስኪነቀል ቆፍረህ እንዳወጣኸው ነገረኝ። ሌላ ቢሆን ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ይሸሽ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ወለድኩት፣ አንተ ሁለተኛ ወለድከው።"

የደረደርኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ልጁ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ለአንድ ቃል ሦስት ጊዜ እያረፈ፣ ይህን ሁሉ ለእናቱ እንዴት እንደተናገረው አሰብኩ። እውነቱን ብናገር እሱን ውሸታም ማድረጌ ነው። ዝም ብል ደግሞ እኔ ምን ነኝ?

"ዕድሜህን ያርዝመው ወንድሜ" አለች። "አደራዬን ጠበቅህ።"

"አሜን" አልኳት።