የጋሽ ጅሬኛ አዲስ ደም

ጋሽ ጅሬኛ ቤታቸው የተከራየውን ልጅ ደም ተወግተው ወደ ሠላሳ ዓመታቸው ተመለሱ ተባለ። ወሬው ጠዋት ሰሚት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ካለው ካፌ ተነሥቶ ለምሳ አያት ደረሰ፤ በዚያ ሰሞን ሥራ የጀመረው ባቡር እንኳ እንዲህ አልሮጠም። ወሬው ማታ ሲመለስ ሰውየው ሁለት አዲስ ጥርስ አብቅለው ነበር።

ለማመን ከበደኝ። ሰፈራችን ውስጥ ስንዴ ማሳ በአንድ ክረምት ሕንፃ ሲሆን አይተናል። ግን በዚያ ዘመን ምንም ነገር ከመታደሱ በፊት ታፔላ ይተከልበታል። ጋሽ ጅሬኛ ላይ የተተከለ ታፔላ አላየሁም።

ዛሬ ብሎኮቹ የቆሙበት ማሳ የእሳቸው ነበር። ልማት መጥቶ መሬቱን ወሰደና በምትኩ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ሰጣቸው፤ አግድም ተኝቶ የነበረው ሀብታቸው ቀጥ ብሎ ቆመ ማለት ነው። ውሃ አራተኛ ፎቅ ስለማይወጣ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው እሳቸው ይወጡለታል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አንዱን ክፍል ለአብኔዘር አከራይተዋል።

አብኔዘር በባዮሎጂ ተመርቆ፣ ቦሌ ለሚ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የቲሸርት እጅጌ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ልጅ ነው። እውቀቱን የሚጠይቀው ስለሌለ ካፌ ውስጥ ሳይጠየቅ ያፈሰዋል። አንድ ቅዳሜ፣ ተመራማሪዎች ያረጀ አይጥና ወጣት አይጥ ጎን ለጎን ሰፍተው ደማቸውን እንዳገናኙ ነገረን። ወፍሮ የነበረው የሽማግሌው የልብ ግድግዳ ሳሳ፤ የተጎዳ ጡንቻው ቶሎ አገገመ፤ አንጎሉም አዳዲስ ሕዋሳት አበቀለ።

"በደም ውስጥ የሚዞሩ ፕሮቲኖች ናቸው እንጂ ደሙ ራሱ አይደለም" አለ። "ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ልብም፣ ጡንቻም፣ አንጎልም መልእክቱን ይሰማሉ።"

"ሰፍተው ነው ያልከው?" አለ ልብስ ሰፊው አብዱልገኒ። "በምን ክር?"

ካፌው ከዚያ ትምህርት የያዘው ክሩንና ደሙን ነው።

በሳምንቱ አደባባዩ ዳር የደም ለጋሾች ድንኳን ተተከለ። አብኔዘር ክንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ጋሽ ጅሬኛ ከኋላው እየሳቁ ሲወጡ ታዩ። በማግስቱ ጋሽ ጅሬኛ ለታክሲ ሮጡ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ነገሩ ተሳቆበት ያልፍ ነበር፤ ችግሩ ግን ጋሽ ጅሬኛ በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ፀሐይነሽን ለማግባት ሽማግሌ ልከዋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ግራውንድ ላይ ሱቅም ቤትም ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የአብኔዘር አክስት ናቸው፤ የአባቱ እህት።

በእሳቸው በኩል የተቀመጡት አጎታቸው አቶ ገብረትንሣኤ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ጋብቻ አይመርቁም። ዘር ሲቆጥሩ ጣታቸው አልበቃ ብሎ የጎረቤት ጣት ይዋሳሉ። የጅሬኛን ሰባት ቤት ጨርሰው፣ አንድም የሚገናኝ ነገር አጥተው ሊመርቁ ሲሉ ወሬው ደረሰ።

እሑድ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ቤት ተሰበሰብን። አቶ ገብረትንሣኤ ጣታቸውን እንደገና ዘረጉ።

"አብኔዘር የወንድሟ ልጅ ነው። ደሙ ጅሬኛ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ጅሬኛ የወንድሟ ልጅ ሆነ።"

"ከወገብ በላይ ብቻ ቢሆንስ?" አለ አብዱልገኒ። የጋሽ ጅሬኛ ሽማግሌ እሱ ነበር፤ ለጓደኛው ያልሞከረው የለም።

"ደም ይዞራል ልጄ። ልጁ ራሱ ነው የነገረን።"

ወይዘሮ ፀሐይነሽ አንገታቸውን ደፉ። "ሰውየውን እወዳቸዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው፤ "የወንድሜን ልጅ ግን አላገባም።"

አብኔዘር ሊያስረዳ ተነሣ። "እትዬ፣ ደሜን ለጋሽ ጅሬኛ አልሰጠሁም፤ ለማላውቀው በሽተኛ ነው የሰጠሁት። በሰውም የተረጋገጠ ነገር የለም። አምና ሌሎች ተመራማሪዎች አይጡን አደሰ የተባለውን ዝነኛ ፕሮቲን መልሰው መረመሩት። ጡንቻ እንዳያድግ የሚገታ፣ በጣም የሚመስለው ወንድም ፕሮቲን አለው፤ መለኪያው ሁለቱን አይለይም ነበር። በዕድሜ ይቀንሳል የተባለው እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም ጡንቻ እንዳይጠገን እንደሚያደርግ ጻፉ። እስካሁን ይጨቃጨቃሉ።"

አቶ ገብረትንሣኤ ፊታቸው በራ። "ወንድማማች መለየት አቅቷቸው? እዚያ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ የላቸውም ማለት ነው።" ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። "ጅሬኛ ራሱ ይጠየቅ።"

ጋሽ ጅሬኛ ጀሪካናቸውን እንደያዙ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ገቡ። የግቢው ቧንቧ ጋ ወረፋ ይዘው ነው የዘገዩት።

"ወጣት ሆነዋል አሉኝ" አሏቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

"አልሆንኩም።"

"ለታክሲ ሮጠዋል።"

"ሮጥኩ፤ ጥሎኝ ሄደ። ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።"

"ድንኳኑስ? እየሳቁ ነው የወጡት።"

"እኔም ልሰጥ ብዬ ነው የገባሁት። ዕድሜዎ አልፏል ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ፣ ሳቅኩ።"

አቶ ገብረትንሣኤ የጋሽ ጅሬኛን አፍ አስከፍተው ጥርሳቸውን አዩ። አዲስ የበቀለ የለም፤ እንዲያውም ከነበረው አንዱ ጎድሏል። አቶ ገብረትንሣኤ የዘረጉትን ጣት አንድ በአንድ አጠፉ፤ ዝምድናው ቀረ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ተነሥተው ጀሪካኑን ከጋሽ ጅሬኛ እጅ ተቀበሉ። "እንግዲህ ከሠርጉ በኋላ እዚሁ ነዎት። ግራውንድ ውሃ አይጠፋም።"

የወሬው መክሰም ያሳዘነው አብዱልገኒን ብቻ ነበር። "ጋሼ፣ ለካፌው የምንነግረው አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም?"

"የለችም። አልተወጋሁም፣ አልታደስኩም፣ የማንም ወንድም ልጅ አይደለሁም" አሉ ጋሽ ጅሬኛ። "ከዚህ ልጅ የወሰድኩት፣ ደም ሰጥቶ የታደለውን ብስኩት ነው። እሱንም ግማሹን።"