መካኒኩ ያልማለላቸው ኖዝሎች

ሳፋው የእኔ ባይሆን ኖሮ ነገሩን ባላወቅሁት ነበር። ባለቤቴ የገበሬ ማኅበሩን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ቤታችን ጋሸና፣ መንገድ ዳር ነው። መኪናው ዘይት እየበላ፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ሲያስቸግር ሞተሩ ወርዶ እንዲታደስ ተወሰነ። ግቢያችን አጥር ስላለው ሥራው እዚያው ሆነ። ከወልድያ የመጣው መካኒክ ዕቃዎቹን በናፍጣ የሚያጥብበት ስላልነበረው የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ሰጠሁት። ሰጥቼው ግን ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ግቢዬ ውስጥ የማላውቀው ሰው ካለ ልቤ አያርፍም።

ጊዜውም የሚያሳርፍ አልነበረም። በደርግ ጊዜ መኪና ተበላሸ አይባልም፤ አሻጥር ተሠራበት ነው የሚባለው። ማን ሠራው ሲባል ጣት የሚቀሰረው መሪውን በያዘው ላይ ነው። የባለቤቴ አንድ ጓደኛ መኪናው ሸለቆ ውስጥ ቆመበት፤ የጫነውን እህል ሽፍታ ወሰደው። «አውቆ ለወንበዴ አስረከበ» ተብሎ ታሰረ። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ባጀች። እኔ ያኔ ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ገና ትጠባለች። መኪናው ታድሶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጭነው ደግሞ ወደ ላሊበላ የሚሄደውን የማኅበሩን ዘር ነበር።

ሞተሩ እንደተፈታ ባለቤቴ ከሳፋው ውስጥ አራት ጣት የሚያካክሉ ብረቶች አውጥቶ አሳየኝ። ኖዝል ይባላሉ፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት እነሱ ናቸው አለኝ።

«እንደ ጡት ቁጠሪያቸው» አለና ሳቀ። «እኩል ካላጠቡ አንዱ ልጅ ይጠግባል፣ አንዱ ያለቅሳል።»

አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ደህና አድርጌ አየኋቸው።

ሰንበት ብሎ የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ከመካኒኩ ጋር ከአጥሩ ጀርባ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ሲመጣ ኮቱ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሲሄድ አንዱ ኪሱ ከብዶ ወደ ታች ወርዷል። በማግስቱ ልብስ ለማስጣት ብቅ ስል ሳፋው ውስጥ ያሉት ኖዝሎች ተለያይተዋል፤ የሁለቱ ጫፍ ረዘም ይላል፣ የሁለቱ አጠር ይላል። መካኒኩ ሲያየኝ ጨርቅ ጣል አደረገባቸው።

ሰውየው ሙስሊም ነው። የወሎ ልጅ ነኝና የእነሱን መሐላ አውቀዋለሁ፤ እሱም የእኛን ያውቃል። ለትንሹም ለትልቁም ወላሂ የሚል ሰው ነበር። ሽሮው ጨው በዝቶበት እንደሆነ ብጠይቀው እንኳ ወላሂ ልክ ነው ይለኛል። እኔም በዚያው መንገድ ሄድኩበት።

«ፒስተኑ አዲስ ነው?» አልኩት።

«ወላሂ አዲስ ነው።»

«ቀለበቱስ?»

«ወላሂ እታለም፣ ከካርቶኑ አሁን ነው የወጣው።»

«ኖዝሎቹስ? አራቱም የዚሁ መኪና ናቸው?»

ጎንበስ ብሎ ብረት መወልወል ጀመረ። «ይሠራል፣ ኢንሻአላህ።»

«ይሠራል ወይ አላልኩህም።»

«ቁርሱ ጣፋጭ ነበር፣ እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። «አንቺ እኮ የማትጠረጥሪው ታቦቱን ብቻ ነው» ብሎ አለፈኝ። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ ግን እሱም ጠጋ ብሎ አዳመጠ። መኪናው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ከውስጥ ብረት በመዶሻ የሚመታ ይመስል ቋ ቋ ይላል። መካኒኩ «እስኪላመድ ነው» አለ። አሁንም ወላሂ አላለም።

ዘሩ በተጫነበት ጠዋት ሊቀመንበሩ ሊሸኝ መጣ። ባለቤቴ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነስቷል። ልጄን እንዳዘልኩ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መካኒኩ መኪናው ደህና ነው ብሎ ይማልልን።»

«ጓዲት፣ በአብዮቱ ዘመን መሐላ የለም። ሥራ ነው የሚናገረው።»

«እንግዲያው ከባለቤቴ ጎን ይቀመጡና ላሊበላ አብረው ይግቡ።»

«ስብሰባ አለብኝ።»

ከጫኞቹ አንዱ ከላይ ሆኖ «ይግቡ እንጂ ጓድ፣ ጋቢናው ይሞቃል» አለ። የቀሩት ወደ ጆንያው ዞረው ሳቁ።

ባለቤቴ ያን ጊዜ ወረደ። ሊቀመንበሩን አላየውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ መካኒኩ ሄደ። «ወንድሜ፣ ልጆቼን አይተሃቸዋል። ወላሂ በለኝና ልነሳ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ ሲያበቃ እንደገና ጠረገ። ከዚያ «ሞተሩን አጥፋው» አለና መፍቻውን አነሳ።

«ማን ክፈት አለህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሁለቱ ኖዝል የሌላ መኪና ነው። ዳገት ላይ ፒስተኑን ይበሳዋል።»

«ማነው የገጠመው?»

መካኒኩ ለአፍታ ሊቀመንበሩን አየው። «የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለ። ይኼም እውነት ነበር። ማን እንዳዘዘውና የድሮዎቹ የት እንደገቡ ግን የጠየቀ የለም።

አሻጥር የምትለዋ ቃል እሱ ላይ ወደቀች። ያኑ ዕለት ወስደው አሰሩት። ባለቤቴንም ጠርተው ጠየቁት፤ መኪናው ከግቢ ስላልወጣ የሚሉት አጥተው መለሱት። ዘሩ በአህያ ተጫነ።

ለመካኒኩ ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ በአቅራቢያው አልነበረውም። ሥጋ ባልነካው ድስት ምስር ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ እያየ «ምኑ ነሽ?» አለኝ።

«እህቱ ነኝ።»

«በየት በኩል?»

«በወሎ በኩል» አልኩት። ፈገግ ብሎ አስገባኝ።

መካኒኩ ሰሃኑን ከመክፈቱ በፊት «መኪናው ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አልወጣም። ሌላ መካኒክ መጥቶ እየሠራው ነው።»

«ማን አመጣው?»

«ሊቀመንበሩ።»

አንድ ጉርሻ ጎረሰ፤ አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅሁ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ አየት አደረገና «የድሮዎቹ ኖዝሎች አይመለሱም፤ ባልሽ ታሟል በይ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቤት እንደገባሁ ባለቤቴን ከእርሻ ማዶ አስጠራሁት። ምንድነው እያለ እየጠየቀኝ አልጋ ላይ አስተኛሁትና ግንባሩን በሻሽ አሰርኩት።