በስሟ የቀረው ሚኒባስ

ዘውዲ ሐዱሽ ከፒያሳ ካሳንቺስ ሚኒባስ ስትነዳ ነው ያረጀችው። ትራፊክ ቢጮህባት፣ የጭነት መኪና ጎኗን ታክኮ ቢያልፍ፣ ተሳፋሪ «ሴትዮ፣ ዛሬን በሕይወት አድርሺን» እያለ ቢያሾፍባት ቅንድቧ አይነቃነቅም ነበር። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ያሉ ነጋዴዎች «ብረቷ» ይሏታል። ጉልበቷ ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲላት መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቆመች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ዊንታ አዋሳ አግብታ ትኖራለች። ለእሷ የቀረቻት አባቷ ያወረሷት የእሪ በከንቱዋ ቤት ናት።

ፍርሃት የገባባት ወረዳው ስለ ቤት ግብር ስብሰባ የጠራ ዕለት ነው። አንድ ባለሙያ ቆሞ ግብሩ እንደየቦታው ደረጃ እንደሚለያይ አስረዳ። መሃል ከተማ ያለ ቤትና ዳር ያለ ቤት፣ ስፋታቸው አንድ ቢሆን እንኳ እኩል አይከፍሉም። ዘውዲ ወንድሟ በርሄ ትዝ አላት። ዳር ወጥቶ የሠራው ቤት የእሷን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ ግብሩ ግን ከእሷ ሊያንስ ነው።

«የእኔስ ስንተኛ ደረጃ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ገና እየተጠና ነው፣ እናቴ።»

ያቺ «እየተጠና ነው» ሆዷ ውስጥ ተቀመጠች። ከአዳራሹ ሲወጡ ደግሞ ሰዉ ያልተባለውን ጨመረበት። መክፈል ያቃተው ቤቱን ይነጠቃል ተባለ። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ዘውዲ ግን አመነች። በዙሪያዋ ስንት ግቢ ሲፈርስ ያየች ሴት ክፉ ወሬ ለማመን አትቸገርም።

ስለዚህ ለግብሩ ብር ለመያዝ ሚኒባሷን ለመሸጥ ተጣደፈች። ደላላው ገነነ ምላሱ ቅቤ ነው።

«እትዬ ዘውዲ፣ እዚህ ስሙ ከዞረ ግብሩ የሚሰላበትን የመኪናውን ግምት ሰማይ ይሰቅሉብዎታል» አላት። «ክልል ግን ግምቱ ሌላ ነው። ገዢው የቡታጅራ ሰው ነው። ውክልና ይስጡት፤ ፋይሉን እዚያ ወስዶ በስሙ ያዞራል። እርስዎ ብርዎን ይዘው ቤትዎ ይግቡ።»

«በሕግ አያስጠይቀኝም?»

«ውክልና ሕጋዊ አይደል እንዴ?»

ጥያቄዋን በጥያቄ እንደመለሰላት ያኔ አልታያትም። ገዢው አብዱልሃኪም ትሁት ጎልማሳ ነበር። ውክልናውን ሰጠችው፤ መሪውን ዳበስ አደረገችና ወረደች።

ከወራት በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ጊዮርጊስን ተሳልማ ወደ ምኒልክ አደባባይ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«ወይዘሮ ዘውዲ ሐዱሽ ነዎት? ከቡታጅራ ፖሊስ ነው። በስምዎ የተመዘገበ ሚኒባስ ሰው ገጭቶ ሾፌሩ ተሰውሯል። ቀርበው ቃልዎን ይስጡ።»

«እኔ እኮ ሸጬዋለሁ!»

«መዝገቡ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው።»

«የተገጨው ሰው... ሞተ?»

ስልኩ ተቋርጦ ነበር። ግንብ ተደግፋ ቁጭ አለች። ገነነ ጋ ደወለች፤ ዝግ ነው። አብዱልሃኪም ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ኮቴ በሰማች ቁጥር መጡ ትላለች። «ግብሩን ስፈራ የተገጨው ሰው ካሳ ቤቴን ሊበላው ነው፤ ሰውም በስሜ ሞቷል» እያለች ክፍሏን ዞረች። በመጨረሻም ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከታ ወደ አዋሳ ልጇ ጋ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» አለች ሀኒፋ። ድልድዩ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ የስልጤ ሰው፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። ሻንጣውን አይታ «የት ልትሄጂ ነው?» አለች።

ዘውዲ ሁሉንም ነገረቻት።

«ከሸሸሽማ ገጪዋ አንቺው ሆንሽ። ቡታጅራ አጎቴ አለ፤ ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«ቢያስሩኝስ?»

«ስንቅ አመላልስልሻለሁ።»

ሀኒፋ ሳቀች፤ ዘውዲ መሳቅ አልቻለችም። በማግስቱ መንገዱን ሙሉ ከፊት ሚኒባስ በመጣ ቁጥር የሀኒፋን ክንድ ጨምድዳ ትይዝ ነበር። መንገድ የፈራችው በዕድሜዋ ገና ያን ቀን ነው።

መርማሪው ቃሏን እስከ መጨረሻው ሰማ። «ውክልና ባለቤት አይለውጥም» አላት ረጋ ብሎ። «ስሙ እስካልዞረ ድረስ እኛ የምንጠይቀው እርስዎን ነው።»

«እሱ ይቆይ፣ ልጄ። የተገጨው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለች። እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች።»

ዘውዲ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰች። የሀኒፋ አጎት ዋስ ሆነውላት ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደች። የተጎዳችው ዙህራ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት፤ ገና ልጅ ናት። እናቷ የመኪናዋ ባለቤት መጣች ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሀኒፋ በስልጢኛ ስታስረዳ ዙህራ ዘውዲን ትክ ብላ አየቻትና «የነዳው ወንድ ነው፤ እሷ አይደለችም» አለች። ለፖሊስም ይህንኑ ደገመችው።

አብዱልሃኪም ዘመድ ቤት ተደብቆ ኖሯል። የሀኒፋ አጎት ሽማግሌ ልከው አሳመኑት፤ እጁን ሰጠ። ዘውዲን ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«ገነነ 'ግምቱ እስኪወርድ ስሙን አታዙር' አለኝ። ልጅቷን ስገጫት ደነገጥኩ፣ ሮጥኩ። ከሮጥኩ በኋላ ደግሞ መመለሱ አስፈራኝ።»

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። እሷም ልትሸሽ ሻንጣ አዘጋጅታ እንደነበር ትዝ አላት። ስድቡን ተወችው።

የመኪናው መድን ጊዜው አላለፈም ነበርና የሕክምናውን ወጪ በአብዛኛው ሸፈነ፤ አብዱልሃኪም የቀረውን ቻለ፣ በፍርድ ቤትም ተቀጣ። የመኪናው ስም የዞረው ግን አዲስ አበባ ነው። «ቡታጅራ ቢረክስም አልፈልግም፤ ዓይኔ እያየ ስሜ ይውጣ» ብላ ዘውዲ የግብሩን ድርሻዋን ከፈለች። ገነነ ቁጥሩን ቀይሮ ጠፋ።

የቤቷም ደረጃ ወጣ፤ እንደፈራችው ከባዱ ደርሷታል። ቤቷን ሊነጥቅ የመጣ ግን የለም። የፊቱን ክፍል ለሀኒፋ ዕቃ ማከማቻ አከራይታ ግብሩን ከኪራዩ ትከፍላለች።

ዙህራ በምርኩዝ ወደ ገበያዋ ተመልሳለች። ዘውዲ አልፎ አልፎ ሄዳ ትጠይቃታለች። እናትየው እስካሁን ሰላም አይሏትም። ዘውዲም አትቀየማቸውም፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባና ራቅ ብላ ትቀመጣለች።