ሽቦ ሽቦ ነው

የዩኒቨርሲቲውን የኤሌክትሪክ ምህንድስና ክፍል ታሪክ እንድጽፍ ስጠየቅ ከመጀመሪያው ቤተ ሙከራ ጀምሬ ተውኩት። ለእኔ ነገሩ የሚጀምረው መተማ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን የሱዳን ነጋዴ ለአባቴ አንድ ጥቅል ሽቦ ሰጥቶት ነበር። በእሱ አፍ፣ በዐረብኛ፣ ሽቦ «ስልክ» ስለሚባል እኛ ልጆችም ስልክ እንለው ነበር። ታዲያ ለእንግሊዝ ወሬ የሚያቀብል አለ ተብሎ ቤት ሲፈተሽ፣ ከደጋ የመጣው አስተርጓሚ በር ላይ አገኘኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምን ደብቋል?»

«ምንም። ስልክ ብቻ ነው ያለው፣ አልጋ ሥር።»

አስተርጓሚው ለጣሊያኑ መኮንን ስልክ ተገኘ አለው። አልጋ ሥር ያገኙትን ጥቅል የስልክ መስመር ነው ብለው አባቴን አሰሩት። ነጋዴው እየሮጠ መጣ። «ጌታው፣ በእኛ አገር ስልክ ማለት ሽቦ ነው እኮ! አጥር የሚታሰርበት!»

አስተርጓሚው ገባው፤ ፈገግም አለ። ስህተቱን ግን ለመኮንኑ አልነገረውም። አባቴን ወደ ጎንደር ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ኋላ፣ ክፍሉ ሲቋቋም፣ የቤተ ሙከራውን ዕቃ ስም በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ለአንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ስከራከር ባልደረቦቼ ይቀልዱብኝ ነበር። «ኧረ እትዬ፣ ሽቦ ሽቦ ነው!»

ያኔ መተማ ግን ይህን ለመኮንኑ የሚተረጉምለት አንድ ሰው ጠፋ።